የኒምፍ መንጠቆ አሠራርና ወንዝን የማስተዋል ጥቅም

በወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ዓሣን የሚይዝበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱ መረብ ይጥላል፤ አንዱ የምድር ትል በመንጠቆ ሰክቶ ይጠብቃል፤ አንዱም የብርብራ ፍሬ ወቅጦ በውኃው ላይ ይበትናል። ከነዚህ የሚለይ ሌላ ዘዴ ደግሞ አለ፤ ይኸውም ዓሣው በየቀኑ የሚመገበውን ትንሽ የውኃ ፍጥረት መልክና ጠባይ መርምሮ፥ እርሱን የሚመስል ነገር በላባና በመዳብ ሽቦ በመንጠቆ ላይ መሥራት ነው። ይህ ጥበብ በእንግሊዝ አገር ረጅም ታሪክ አለው። በቀላልነቱና በብዙ ዓይነት ውኃ በመጥቀሙ እጅግ ከታወቁት ሥራዎች አንዱ የፌዛንት ጭራ ኒምፍ የተባለው ነው።

የዚህ መንጠቆ አሠራር ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች ሊታወቅ የሚገባው ዓሣ ስለሚያስገኝ ብቻ አይደለም። ሠሪው መጀመሪያ ወንዙን ሳያውቅ ሊሠራው አይችልምና፥ ሥራው ራሱ የወንዝ ትምህርት ነው። ወንዙን ያወቀ ሰውም ምን ቢያደርግ ወንዙ እንደሚለማ፥ ምን ቢያደርግ እንደሚጠፋ ይረዳል።

ኒምፍ ምን እንደ ሆነ

በጥሩ ወንዝ ውስጥ አንድ ድንጋይ አንሥቶ ከሥሩ የተመለከተ ሰው፥ ስንዴ የሚያህሉ ወይም ከዚያ የሚያንሱ ቡናማ ፍጥረቶች ወዲያና ወዲህ ሲሸሹ ያያል። ስድስት እግርና ሁለት ወይም ሦስት ቀጫጭን ጭራ አላቸው፤ በሆዳቸው ግራና ቀኝም እንደ ትንሽ ቅጠል የሚርገበገብ መተንፈሻ አላቸው። ከነዚህ ብዙዎቹ በእንግሊዝኛ ሜይፍላይ የተባለው በራሪ ልጆች ናቸው። ገና ክንፍ ያላወጣው የውኃ ልጅ ኒምፍ ይባላል።

የሜይፍላይ ኑሮ እንደሚከተለው ነው። እናቲቱ ዕንቍላሏን በውኃ ትጥላለች። ከዕንቍላሉ የወጣው ኒምፍ በድንጋይ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ ዝቃጭ እየፋቀ እየተመገበ፥ ቆዳውንም ደጋግሞ እየገፈፈ ያድጋል። ይህ እንደ ዓይነቱ ጥቂት ወሮች ወይም አንድ ዓመት፥ አንዳንዱም ሁለት ዓመት ይፈጃል። ጊዜው ሲደርስ ከወንዙ ወለል ተነሥቶ ወደ ውኃው ገጽ ይዋኛል፤ በዚያም ጀርባው ተሰንጥቆ ክንፍ ያለው በራሪ ይወጣል። ይህም በራሪ ጥቂት ቆይቶ አንድ ጊዜ ደግሞ ቆዳውን ይገፋል። ለመብረር የሚያበቃ ክንፍ ካወጣ በኋላ እንደ ገና ቆዳውን የሚገፍ ከነፍሳት ወገን እርሱ ብቻ ነው። ክንፍ ካወጣም በኋላ የሚበላበት አፍ ስለሌለው አይመገብም፤ ከጥቂት ሰዓት እስከ ጥቂት ቀን ብቻ ኖሮ፥ ዘሩን ተክቶ ይሞታል።

እንግዲህ ይህ ፍጥረት ከዕድሜው እጅግ የሚበዛውን የሚያሳልፈው በውኃ ውስጥ ነው፤ በአየር ላይ የሚታይበት ጊዜ እጅግ አጭር ነው። ስለዚህ ዓሣ ከሚመገበው ሜይፍላይ የሚበዛው በራሪው ሳይሆን ኒምፉ ነው። ሰው ግን በዓይኑ ፊት የሚበረውን ስለሚያይ፥ ይህን ነገር ለማስተዋል ብዙ ዘመን ፈጀበት።

በእንግሊዝ አገር የተነሣው ክርክር

ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመቶች በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው። በ1886 ፍሬደሪክ ሃልፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ በውኃ ላይ ስለሚንሳፈፍ ሰው ሠራሽ ዝንብ አሠራር መጽሐፍ አሳተመ። በደቡብ እንግሊዝ ከኖራ ድንጋይ ምድር በሚፈልቁት ጥሩ ወንዞች ዳር የሚያጠምዱ ብዙዎች ትምህርቱን ተቀበሉ። ከጊዜ በኋላም በውኃው ገጽ ላይ በሚንሳፈፍ ዝንብ ካልሆነ በቀር ማጥመድ እንደ ነውር ተቈጠረ።

ጆርጅ ስክዩስ የተባለ የሕግ ዐዋቂ ግን የተያዙትን ዓሣዎች ሆድ እየመረመረ፥ በውስጡ የሚገኘው አብዛኛው ኒምፍ መሆኑን አየ። በ1910ና በ1921 ባሳተማቸው መጻሕፍትም ዓሣው በውኃ ውስጥ ሲመገብ፥ ማታለያውም በውኃ ውስጥ መሆን እንደሚገባው አስረዳ። ብዙዎች ተቃወሙት። በ1938 በሎንዶን በአጥማጆች ማኅበር ስለዚህ ነገር ክርክር ተደረገ። ስክዩስም በዚያው ዓመት ለብዙ ዘመን ያጠምድበት የነበረውን የኢችንን ወንዝ ዳር ተወ። እርሱ በ1949 ሞተ፤ የተናገረው ግን ከእርሱ በኋላ ጸና። ከልማድና ከማስተዋል የሚበልጠው ማስተዋል መሆኑን ይህ ታሪክ ያሳያል።

ሶየር ያየው ነገር

ይህን ሥራ ወደ ፍጻሜ ያደረሰው ፍራንክ ሶየር ነው። ሶየር በ1906 ተወልዶ በ1980 የሞተ፥ በዊልትሸር አውራጃ የኤቮን ወንዝ ጠባቂ የነበረ ሰው ነው። ሥራው ወንዙን መጠበቅ ስለ ነበረ፥ ዕለት ዕለት ከውኃው ዳር እየዋለ ዓሣውንና የዓሣውን ምግብ ይመለከት ነበር። የተመለከተውንም በ1958 ስለ ኒምፍና ስለ ትራውት ዓሣ በጻፈው መጽሐፍ ገለጸ።

ከርሱ በፊት የነበሩት ሠሪዎች ለሰው ሠራሹ ኒምፍ በአንገቱ ዙሪያ የዶሮ ላባ እየጠመጠሙ እግር ያበጁለት ነበር። ሶየር ግን ፈጣን ዋናተኛ የሆነው ኒምፍ በሚዋኝበት ጊዜ እግሩን ከሆዱ ጋራ አጣብቆ፥ በሆዱና በጭራው እየተወዛወዘ እንደ ትንሽ ዓሣ እንደሚሄድ አየ። ስለዚህ እግሩን ተወው። ሁለተኛም፥ ኒምፉ ክንፍ ሊያወጣ ሲቃረብ በደረቱ ላይ የክንፉ ከረጢት እያበጠና እየጠቈረ እንደሚሄድ አየ። ስለዚህ ደረቱን ከፍ አደረገው። ሦስተኛም፥ ማታለያው ዓሣው ካለበት ጥልቀት ፈጥኖ ካልደረሰ ምንም ጥቅም የለውም። ስለዚህ በሐር ክር ፈንታ መዳብ አደረገ። መዳብ ከውኃ ወደ ዘጠኝ እጅ የሚከብድ ስለ ሆነ፥ አንዱ ሽቦ ማሰሪያም ክብደትም ይሆናል፤ በላባውም መካከል ብልጭ እያለ የኒምፉን ቆዳ ያስመስላል።

ስለዚህ ይህ መንጠቆ ከሁለት ነገር በቀር ሌላ የለውም፤ እነርሱም ላባና ሽቦ ናቸው። የቀረው ሁሉ የቀረው በስንፍና ሳይሆን፥ ዓሣው የማያየው መሆኑ በምርመራ ስለ ታወቀ ነው። የሶየር ወዳጅ የነበረው ኦሊቨር ካይት ደግሞ በባዶ መንጠቆ ላይ በደረቱ ስፍራ ሽቦ ብቻ ጠምጥሞ፥ ያለ ምንም ላባ ዓሣ እየያዘ አሳይቷል። ከዚህም የሚታወቀው፥ ቅርጹና እንቅስቃሴው ትክክል ከሆነ ጌጥ ብዙ እንደማያስፈልግ ነው።

ለሥራው የሚያስፈልገው

ለሥራው የሚከተሉት ነገሮች ያስፈልጋሉ።

1ኛ፤ ርዝመቱ 1 ሳንቲ ሜትር የሚያህል ወይም ከዚያ የሚያንስ መንጠቆ። ክሩ የሚታሰርበት ቀዳዳ ዓይን፥ ቀጥ ያለው ክፍል ዘንግ፥ የታጠፈው ክፍል ቈልማማ ይባላል። ከሥራው በፊት ከጫፉ አጠገብ ያለውን እሾህ መሰል ነገር በፒንሳ ጨፍልቆ ማስተኛት ይገባል፤ በልጆች እጅ ቢሰካም በቀላሉ ይወጣል፤ ትንሹንም ዓሣ ሳይጎዱ ለመመለስ ይረዳል።

2ኛ፤ ከሰው ጠጉር ብዙም የማይወፍር ቀይ የመዳብ ሽቦ። ይህ ከተበላሸ የኤሌክትሪክ ሞተር ወይም ከአሮጌ ራዲዮ መጠምጠሚያ ውስጥ ይገኛል።

3ኛ፤ የወንድ ፌዛንት የመካከለኛው ጭራ ላባ። ፌዛንት ከዶሮና ከቆቅ ወገን የሆነ ረጅም ጭራ ያለው ወፍ ነው፤ የጭራው ላባ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። እርሱ በማይገኝበት አገር ቀላ ያለ ቡናማ መልክ ካለው ዶሮ፥ ረዘም ያለ የክንፍ ወይም የጭራ ላባ መርጦ መሥራት ይቻላል።

4ኛ፤ መንጠቆውን አጥብቆ የሚይዝ ትንሽ ሞርሳና መቀስ። ሞርሳ ከሌለ ፒንሳውን እጀታው ላይ በገመድ አጥብቆ አስሮ መጠቀም ይቻላል።

አሠራሩ

1ኛ፤ መንጠቆው በቈልማማው በኩል በሞርሳ ይያዛል፤ ዘንጉ ከምድር ጋራ ትክክል ሆኖ ይቁም። ሽቦውን ከዓይኑ በስተኋላ ጀምሮ እያጠጋጉ እስከ ቈልማማው መጀመሪያ ድረስ መጠምጠም።

2ኛ፤ ሽቦውን ወደ ፊት መልሶ ለዓይኑ በሚቀርበው ሲሶ ላይ ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ መጠምጠም። በዚህ ስፍራ ትንሽ ጉብታ ይሠራል፤ ይህ የኒምፉ ደረት ነው። ከዚያም ሽቦው ወደ ቈልማማው ተመልሶ ይንጠልጠል።

3ኛ፤ ከላባው አጥንት አራት የላባ ክሮች ጫፋቸውን አስተካክሎ መንቀል። ጫፋቸው ከቈልማማው ወደ ኋላ 3 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲወጣ አድርጎ፥ በሽቦው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ማሰር። የወጣው ጫፍ ጭራው ነው።

4ኛ፤ የላባውን ክሮችና ሽቦውን በአንድነት እንደ ገመድ መግመድ፤ የተገመደውንም እያጠጋጉ እስከ ዓይኑ ድረስ መጠምጠም። ላባው ብቻውን ቢጠመጠም የዓሣው ጥርስ ቶሎ ይበጥሰዋል፤ ከሽቦ ጋራ ሲገመድ ግን ብዙ ጊዜ ይቆያል።

5ኛ፤ ዓይኑ ዘንድ ሲደረስ ሽቦውን ከላባው መለየትና ላባውን ከዓይኑ በስተኋላ በሽቦው ማሰር። ከዚህ በኋላ ሽቦውን ከደረቱ በስተኋላ ወስዶ፥ ላባውን በደረቱ ላይ ወደ ኋላ አስተኝቶ ማሰር፤ ሽቦውን ወደ ዓይኑ መልሶ፥ ላባውንም በደረቱ ላይ ወደ ፊት መልሶ እንደ ገና ማሰር። ይህ የክንፉ ከረጢት ምሳሌ ነው።

6ኛ፤ የተረፈውን ላባ በመቀስ መቍረጥ፤ በሽቦው ከዓይኑ በስተኋላ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቋጠሮ መቋጠር። ሽቦው እየተጠማዘዘ እስኪበጠስ ድረስ ይዞራል እንጂ በመቀስ አይቈረጥም፤ መቀሱን ያደነዝዘዋልና።

ሥራው ሲያልቅ በብርጭቆ ውኃ ውስጥ ጥሎ መፈተን ይገባል። ወዲያው ከሰጠመ፥ ከኋላው ቀጭን ከደረቱ ወፈር ያለ ሆኖ ከታየ ጥሩ ነው። የጀማሪዎች የተለመደ ጥፋት ላባ ማብዛት ነው፤ ሆዱ የወፈረ ኒምፍ ቀስ ብሎ ይሰጥማል፥ ኒምፍም አይመስልም።

አጠማመዱ

አጥማጁ ከዓሣው በስተታች፥ ጥላው በውኃው ላይ በማይወድቅበት ስፍራ ይቆማል። ዓሣ ራሱን ወደ ወራጁ ውኃ አዙሮ ስለሚቆም፥ ከኋላው የመጣውን ሰው በቀላሉ አያይም። መንጠቆውን ከዓሣው በላይ ጥቂት ራቅ አድርጎ መጣል፤ ከዓሣው ትክክል እስኪደርስ ድረስ እንዲሰጥም መተው፤ ወደ ዓሣው በቀረበ ጊዜ የበትሩን ጫፍ ቀስ አድርጎ ከፍ ማድረግ ይገባል። ያን ጊዜ መንጠቆው ክንፍ ሊያወጣ ወደ ላይ እንደሚዋኝ ኒምፍ ይነሣል፤ ዓሣውም ያመልጠኛል ብሎ እንደሚሮጥ ሆኖ ይወስደዋል። ነገር ግን ምግብ አለመሆኑን ሲያውቅ ወዲያው ስለሚተፋው፥ አጥማጁ ክሩን በትጋት መመልከት አለበት፤ ክሩ ጥቂት እንኳ ቢቆም ወይም ቢሳብ በትሩን ማንሣት ነው።

ለዚህ ሥራ ውድ ዕቃ የግድ አያስፈልግም። በጃፓን አገር የተራራ ወንዝ አጥማጆች ተንካራ በሚባለው ልማዳቸው፥ ከረጅም በትር ጫፍ ላይ ክር አስረው ያለ መጠቅለያ ያጠምዳሉ። ቀርከሃ ባለበት አገር ሁሉ እንዲሁ ማድረግ ይቻላል።

በኢትዮጵያ ውኃ

የትራውት ዓሣ በተፈጥሮ የኢትዮጵያ አይደለም። በ1960ዎቹ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች በዌብና በሌሎችም ቀዝቃዛ ወንዞች ተጣለና በዚያ ረባ። የእንግሊዙ ኒምፍ በቀጥታ የሚስማማው በነዚህ ወንዞች ነው። ነገር ግን የሜይፍላይ ወገን በደጋ ወንዞች ሁሉ ይገኛል፤ ነፍሳትን የሚመገብ ዓሣ ባለበትም ሁሉ ማስተዋሉ ይጠቅማል፤ መልኩንና መጠኑን በዚያ ወንዝ ድንጋይ ሥር በተገኘው ኒምፍ ልክ ማድረግ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ብርብራ ሊነገር የሚገባ ነገር አለ። የብርብራ ዛፍ የኢትዮጵያ ምድር ብቻ ያበቀለችው ዛፍ ነው፤ ፍሬውን ወቅጦ ዓሣ ማስከርም የቈየ ልማድ ነው። በፍሬው ውስጥ ሮቴኖን የሚባል መርዝ ይገኛል። ይህ መርዝ በዓሣው መተንፈሻ ገብቶ ሰውነቱ በአየር እንዳይጠቀም ስለሚከለክለው፥ ዓሣው በውኃ መካከል ታፍኖ ይሞታል። መርዙ ትልቁን ከትንሹ አይለይም፤ ከዓሣውም ጋራ በድንጋይ ሥር ያለውን ኒምፍ ይገድላል። ስለዚህ ብርብራ የተበተነበት ወንዝ የሚያጣው የዛሬውን ዓሣ ብቻ አይደለም፤ የነገውን ዓሣና የነገውን ዓሣ ምግብ ጭምር ነው።

እርግጥ ነው፥ መርዙ በፀሐይ ብርሃን እየደከመ ይሄዳል፤ ከላይኛው ውኃ የሚወርዱ ኒምፎችና ከሌላ ስፍራ የሚበርሩ እናቶችም ወንዙን ቀስ በቀስ ይሞሉታል። ነገር ግን ይህ የሚሆነው ወንዙ ጊዜ ካገኘ ነው፤ በየዓመቱ ደጋግሞ የሚመረዝ ወንዝ ጊዜ አያገኝም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነው ዓሣ በሚራባበት ወራት የሚደረገው ነው። በጣና ሐይቅ የሚኖሩት፥ ብዙዎቹም በሌላ ስፍራ የማይገኙት የነጭ አሳ ወገኖች፥ በክረምት ከሐይቁ ወደ ገባር ወንዞች አፍ ተሰብስበው ዕንቍላላቸውን በንጹሕ ጠጠር ላይ ለመጣል ሽቅብ ይወጣሉ። ያን ጊዜ በአንድ ስፍራ የተበተነ መርዝ የሚገድለው እናቶችን ስለ ሆነ፥ ጉዳቱ ለዓመታት ይቈያል።

ልማዱን የያዘ ሰው ክፉ አስቦ አይደለም፤ ልጆቹን ሊመግብ ነው። ስለዚህ ስድብና ወቀሳ አያስተምረውም። የሚያስተምረው ሒሳቡ ነው፤ መንጠቆ አንድ ዓሣ ይወስዳል፥ ሌላውን ይተዋል፤ ብርብራ ግን እናቲቱን ከነልጆቿ፥ ማዕዱንም ከነሌማቱ ያጠፋል።

መምህራንና ሽማግሌዎች ሊያደርጉት የሚችሉት

መምህር ተማሪዎቹን ወንዙ ጎርፍ በሌለበት ወራት፥ ጥልቀት ወደሌለው ስፍራ ሊወስዳቸው ይችላል። አንድ ነጭ ሳሕን ውኃ ተሞልቶ ይቀመጥ፤ ከወንዙም እንደ ጡብ የሚያህሉ አምስት ድንጋዮች ይነሡና በሳሕኑ ውስጥ ይታጠቡ። ከዚያ በሳሕኑ ውስጥ የሚዋኙት ፍጥረቶች ይቈጠሩ፤ ጭራቸው ስንት እንደ ሆነ፥ መተንፈሻቸው የት እንዳለ፥ ሲዋኙ እግራቸውን ምን እንደሚያደርጉ በደብተር ይጻፍ። ሥራው ሲያልቅ ፍጥረቶቹም ድንጋዮቹም ወደ ነበሩበት ይመለሱ።

ይህ ቍጥር በአንድ ስፍራ፥ በየዓመቱ በአንድ ወር ቢደረግ፥ ትምህርት ቤቱ የወንዙ መዝገብ ይኖረዋል። የሜይፍላይ ኒምፍ ቆሻሻና መርዝ ስለማይችል፥ ቍጥሩ ሲያንስ ውኃው መበላሸቱን ያስታውቃል፤ ዓሣው ከመጥፋቱ በፊትም ምልክት ይሰጣል። ከወንዙ የሚጠጣው ሰውና ከብቱ ስለ ሆነ፥ ይህ ምልክት ለዓሣ አጥማጅ ብቻ የሚጠቅም አይደለም። የአገር ሽማግሌዎችም በልጅነታቸው በወንዙ ምን ያህል ዓሣ እንደ ነበረ ለተማሪዎች ቢነግሩ፥ ያለፈውንና የዛሬውን ማስተያየት ይቻላል፤ ዓሣ በሚራባበት ወራት ብርብራ እንዳይበተን ለመምከርና ለመስማማት የሚችሉትም እነርሱ ናቸው።

ከዚህ በኋላ ተማሪዎቹ በሳሕኑ ያዩትን ኒምፍ በላባና በመዳብ ሽቦ ለመሥራት ይሞክሩ። የመጀመሪያው ሥራ ባያምርም ግድ የለም። ልጁ የሠራውን ከሕያው ኒምፍ ጋራ እያስተያየ ጉድለቱን ራሱ ያርማል፤ እንደዚህ የለመደ ዓይንም ወንዙ ሲጐዳ ሳያይ አያልፍም።